አረንጓዴው ክር

ጥቅምት 4

ለምወድዎና ለማከብርዎ አጎቴ፣

ይህ ወረቀት እጅዎ ሲገባ እርስዎም አክስቴም ጤናችሁ የተሟላ፣ ቤታችሁ የሞቀ ሆኖ ያግኛችሁ። ጆሮዎ እንዴት ሰነበተ? አክስቴ ባለፈው ስደውል «መስማት የማይፈልገውን ብቻ ነው የማይሰማው» ብላኛለች። ለዚህ ነው በስልክ ከመጮህ መጻፉን የመረጥኩት።

ደስ የሚል ወሬ አለኝ። የሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ኃላፊ ሆኛለሁ። ክፍሉ ከምድር በታች ነው፤ ቀኑን ሙሉ በእንፋሎት ይታጠናል፤ ማጠቢያዎቹ ሲሽከረከሩ ወለሉ ከእግር በታች ይንቀጠቀጣል። ግን አንሶላው ከማድረቂያው ትኩስ ትኩሱን ሲወጣ ያለው ሽታ ሁሉንም ያስረሳል። ከተሾምኩ ወዲህ የዕቃ ግምጃ ቤቱ ቁልፍ በእኔ ወገብ ላይ ነው።

ባለቤቴ፣ የእርስዎ «ሬዲዮ»፣ እንደሚያውቁት እዚያው ሆቴል የውሃ ማሞቂያውን ቦይለርና መብራት ይጠግናል። ሹመቴን ስነግረው «ጥሩ ነው» አለኝ። ለእሱ ይህ ንግግር ማድረግ ነው። በነጋታው ግን ከሥራ ስወጣ የኋላው በር ላይ ቆሞ ሲጠብቀኝ አገኘሁት፤ ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ይጠብቀኛል።

የክፍሌ ሰዎች ጥሩዎች ናቸው። በዕድሜም በሥራም የምትበልጠን አንዲት ሴት አለች፤ ሰውን ሁሉ «እህት ዓለም» እያለች ስለምትጠራ እኛም እሷን እህት ዓለም እንላታለን። ሁሉም ሰው ሹመቱ ለእሷ ነው ብሎ ነበር። እሷ ግን ቀድማ መጥታ አቀፈችኝ። ከጎናችን በር በሌላት የስፌት ክፍል፣ ከላይ ባለችው መስኮት ሥር ደግሞ የተቀደደ አንሶላና የአስተናጋጆችን ልብስ የምትጠግን ወጣት ልብስ ሰፊ አለች፤ ሳቋ ከማሽኖቹ ድምፅ በላይ ይሰማል።

አክስቴን ይሳሙልኝ።

የእህትዎ ልጅ

*

ጥቅምት 27

ለፌንጣዬ፣

ፈጣሪ እጅሽን ከካውያ፣ ልብሽን ከክፉ ይጠብቅልኝ። እኛ ደህና ነን። አክስትሽ ሹመትሽን ለሰፈሩ ሁሉ አዳርሳለች፤ ትናንት አንድ የማላውቀው ሰውዬ መንገድ ላይ እጄን ጨብጦ እንኳን ደስ አለህ አለኝ።

እኔ አሁንም የተጨረመተ በር አቃናለሁ። ሰዉ መኪናውን እንደ ድሮው ያጋጫል፣ እኔም እንደ ድሮው እቀጠቅጣለሁ። ጆሮዬን የበላው ይኸው ላሜራ ነው፤ ደግነቱ እጄን አልበላውም።

ሬዲዮን ሰላም በይልኝ። እኔ ጋራዥ የመኪና መብራት ሲሠራ በዚህ ስም የጠራሁት ስለሚለፈልፍ መስሎሽ እንዳይሆን፤ ጠዋት እንደምን አደርክ ብዬው ምሳ ሰዓት ላይ ደህና ይለኝ ስለነበር ነው።

ቀድማ ያቀፈችሽ ሴትዮ ነገር ደስ ብሎኛል። ግን አንድ ቀን ለብቻዋ አስቀምጠሽ አናግሪያት። ሰው እሱ ታልፎ ሌላ ሲሾም ያመዋል፤ ሕመሙን ካልተናገረ ደግሞ ሌላ ቦታ ይወጣበታል። ይህን ስልሽ ሴትዮዋን ጠርጥሬ አይደለም።

አጎትሽ

*

ኅዳር 22

ይድረስ ለአጎቴ፣

ለጤናዎ እንደምን አሉ? እኔ ደህና ነኝ። ሥራ በዝቶብኝ ነው የዘገየሁት።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ እንዲያው ለጨዋታ ነው። ባለቤቴ እርስዎ ዘንድ ሲሠራ ሴት ትፈልገው ነበር? ወደ ጋራዡ እየመጣች የምታነጋግረው ሰው ነበረች? ዝምተኛ ሰው ውስጡ ምን እንዳለ አይታወቅም ብዬ ነው።

ይህን ያሰብኩት ያለምክንያት አይደለም። ባለፈው ሳምንት እኔና እህት ዓለም አንድ ትልቅ አንሶላ ጫፍና ጫፉን ይዘን ስናጥፍ፣ ወደኔ እየቀረበች «እህት ዓለም፣ የስፌት ክፍሉ መብራት ቶሎ ቶሎ ይበላሻል እንዴ?» አለችኝ። «ምነው?» አልኳት። «ምንም፣ ምንም አላልኩም። ባልሽን እዚያ ሳየው ጊዜ ነው» አለችና ጫፉን ለኔ ትታ ሄደች። ኋላ ተከትዬ ስጠይቃት ዓይኗን ሰበረች። «ተይኝ በሞቴ፤ እኔ የሰው ትዳር ውስጥ አልገባም» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ እኔም አየዋለሁ። እውነት ነው፤ ወደ ስፌት ክፍሉ ይሄዳል። ልጅቷም ስትስቅ አሁን አሁን ሳቋ ያንገሸግሸኛል።

ለአክስቴ ይህን አያንብቡላት።

ልጅዎ

*

ታኅሣሥ 11

ለፌንጣዬ፣

ሰላምና የሰከነ ልብ እመኝልሻለሁ፤ ሁለተኛው ሳይጎድልሽ አልቀረም።

የጠየቅሽኝ ለጨዋታ የሚጠየቅ አይደለም፤ ስለዚህ እኔም በቁም ነገር እመልሳለሁ። አዎ፣ አንዲት ደንበኛ ነበረች። መልከ መልካም፣ መኪናዋም መልከ መልካም። መብራቱ አልበራ አለ እያለች ትመጣለች፤ ሬዲዮ ያየዋል፤ ይበራል። ደጋግማ መጣች። ጋራዡ ሁሉ ሲገባው የሱ ፊት ግን እንደዚያው ነበር። በመጨረሻ ምን አላት መሰለሽ? «እመቤት፣ መብራቱ ደህና ነው፤ ሲበላሽ ይምጡ።» ሴትዮዋ በንዴት ሄዳ ሌላ ጋራዥ ለመደች፤ እኔም ደንበኛ አጣሁ። ስለሱ ሴትና ወንድ ታሪክ የማውቀው ይህን ብቻ ነው።

አሁን እኔ ልጠይቅሽ። በጻፍሽልኝ ውስጥ የእህት ዓለም ዓይን አለ፣ የእህት ዓለም አፍ አለ፤ ያንቺ የታለ? የሰማሽውን ተይና ያየሽውን ጻፊልኝ። ቶሎ ጻፊልኝ።

አጎትሽ

*

ጥር 5

ለአጎቴ፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን።

ያየሽውን ጻፊ ብለዋል፤ አይቻለሁ።

የሠራተኛው የሥራ ልብስ እኛው ክፍል ነው የሚታጠበው። እህት ዓለም ከማድረቂያው ልብስ እያወጣች ስታጥፍ አንዱ ሸሚዝ ላይ ቆመች። ቀና ብላ አየችኝና ቶሎ ብላ ከፎጣዎቹ ሥር ከተተችው። «ምንድን ነው?» ስላት «ተይው፣ ይቅርብሽ» አለችኝ። ነጥቄ ወሰድኩባት። የባሌ ሰማያዊ ሸሚዝ ነው። ደረቱ ላይ ያለው ቁልፍ በአረንጓዴ ክር ተሰፍቷል። ይህ ክር ለአስተናጋጆቹ ኮት ብቻ የመጣ ነው፤ ከልጅቷ ጠረጴዛ ሌላ የትም የለም። እኔ አልሰፋሁትም። እሱ መርፌ መያዝ አያውቅም።

ማታ ቤት ስንገባ «ይህን ቁልፍ ማን ሰፋልህ?» አልኩት። «የቱን ቁልፍ?» አለኝ። ዓይኔን እያየ «የቱን ቁልፍ» አለኝ፣ አጎቴ። ልብሱን በሻንጣ አድርጌ በር ላይ አስቀመጥኩለት። አንድ ቃል አልተከራከረኝም፤ አንስቶ ወጣ። ቦይለር ክፍሉ አጠገብ ያለች የሠራተኞች ማረፊያ ውስጥ ነው አሉ።

ልጅቷም ትሄዳለች። በወሩ መጨረሻ የዕቃ ቆጠራ አለ፤ ያን ቀን ያበቃላታል። እንዴት እንደሆነ አይጠይቁኝ። መንገዱን እህት ዓለም ታውቃለች። እሷ ባትኖር በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለቱም ሲስቁብኝ እኖር ነበር።

እንዳይመክሩኝ። እንዲያውቁት ብቻ ነው የጻፍኩት።

*

ጥር 18

ለፌንጣዬ፣

ፈጣሪ ይህን ወረቀት ከቆጠራችሁ ቀን በፊት ያድርስልኝ። በፖስታ ቤት አላመንኩም፤ በአውሮፕላን ለሚመጣ የደንበኛዬ ልጅ በእጁ ሰጥቼዋለሁ። እንዳይመክሩኝ ብለሽኛል፤ አልመክርሽም። የሆነውን ግን እነግርሻለሁ።

ደብዳቤሽን ለአክስትሽ አንብቤላታለሁ። ተቆጪኝ፣ ግድ የለም። እሷም ወዲያው ወደ ሥራ ቤታችሁ ስልክ ደወለች። ያነሳችው ማን እንደሆነች ገምቺ። «እህት ዓለም ነኝ፣ እንደ እናቷ ነኝ» አለቻት። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ እንዲህ አለች፤ «ምን ልበልዎ፣ ልጅቷ ታማለች። ሹመቱ ከበዳት። የሌለ ነገር ታያለች። ባሏ መልአክ ነው፤ ያለጥፋቱ ከቤት አስወጣችው። ሥራውን ለቃ እናንተ ዘንድ መጥታ ብታርፍ ነው የሚሻላት። እኔ እንደነገርኩዎ ግን አይንገሯት፤ ትቀየመኛለች።» አክስትሽ ስታለቅስ ዋለች።

እኔ አላለቀስኩም። ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ላንቺ ባልሽ ከዳሽ ትላለች። ለእኛ ባልሽ መልአክ ነው ትላለች። አንድ አፍ ነው፣ ሁለት ወሬ ነው። ከሁለቱ አንዱን አውቃ ዋሽታለች። የትኛውም ይሁን፣ ለሁለታችንም እየነገረች ያለችው ከዚያ ወንበር የሚያስነሳሽን ነው።

አሁን ስለ ቁልፉ። ልጅቷ ሰፍታው ይሆናል፤ ክሩ የሷ ከሆነ ማን ይሰፋዋል? ግን ሸሚዝ በእግሩ ሄዶ ስፌት ክፍል አይገባም። ማን ወሰደላት? ይህን አንድ ጥያቄ ልጅቷን ጠይቂያት። እህት ዓለምን አይደለም፣ ልጅቷን። ከዚያ በኋላ የፈለግሽውን አድርጊ። ከዚያ በፊት ግን በማንም ሰው ሥራና ስም ላይ እጅሽን እንዳታነሺ፣ ስለ እናትሽ ብዬ እለምንሻለሁ።

አጎትሽ

*

የካቲት 6

ለምወድዎ፣ እንደ አባትም እንደ እናትም ለሆኑኝ አጎቴ፣

ዕድሜዎን ያርዝምልኝ። የላኩት ሰው ያገኘኝ የቆጠራው ዕለት ቀትር ላይ ነው። እግዜር ይስጠው፤ በር ላይ ያሉት ጥበቃዎች ተወውና ሂድ ቢሉት እምቢ ብሎ አስጠርቶኛል።

ሁሉንም እንደሆነው እጽፍልዎታለሁ፤ አያቋርጡኝ።

ዕቅዱ እንዲህ ነበር። ጠዋት የልጅቷ ቦርሳ ከሌሎቹ ጋር መንጠቆው ላይ ተሰቅሎ ሳለ እህት ዓለም ሁለት አዳዲስ አንሶላዎች አጥፋ ቦርሳው ውስጥ ካለው ከልጅቷ ሻርፕ ሥር ከተተች። እኔ አየሁ። አይቼ ጀርባዬን አዞርኩ። ማታ ሠራተኛው ሲወጣ ጥበቃዎቹ ቦርሳ ይፈትሻሉ፤ ቆጠራው አንሶላ ጎደለ ይላል፤ ልጅቷ ሌባ ትባላለች። ሆቴሉ ደግሞ በሌብነት ያባረረውን ለፖሊስ ነው የሚያስረክበው። ይህን ሁሉ አውቃለሁ።

ደብዳቤዎን ማድረቂያዎቹ ጀርባ ቆሜ አነበብኩት። መጀመሪያ ተናደድኩብዎ። አጎቴ አርጅቷል፣ ሩቅ ሆኖ ምን ያውቃል አልኩና ኪሴ ውስጥ ከትቼ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ግን ያ ሸሚዝ በእግሩ የሚሄደው ነገር አልለቅ አለኝ። የትራስ ልብስ አጥፌ ስጨርስ የቱን እንዳጠፍኩ አላውቅም።

ወደ ስፌት ክፍሉ መስኮት ሄድኩ። ልጅቷ ጎንበስ ብላ ትሰፋለች።

«የባሌን ሸሚዝ ቁልፍ የሰፋሽው አንቺ ነሽ?» አልኳት።

ብድግ አለች። «አዎ፣ እኔ ነኝ። ክሩ አልሄደም አይደል? ሰማያዊው አልቆብኝ ነበር። ፈትቼ እንደገና ልሥራው?»

«ማን አመጣልሽ?»

«እህት ዓለም ናቸዋ። ‹አለቃሽ ልካኛለች፣ ቶሎ ትፈልገዋለች፣ በተገኘው ክር ይሁን› አሉኝ።» ፊቴን አይታ ድምፅዋ አነሰ። «እርስዎ አልላኩም እንዴ?»

«አልላክሁም። ባሌስ እዚህ ምን ሊሠራ ይመጣል?» አልኳት።

«እህት ዓለም አምፖሉ ጠፋ ብለው ያስጠሩታል። ሲመጣ ግን ይበራል። ቆሞ አምፖሉን ያየዋል፣ እኔን ያየኛል፣ ይሄዳል። አንድ ቀን አዝኜለት ‹በከንቱ ለፋህ› ብለው ‹እሺ› አለኝ። ሌላ ቃል ከአፉ ሰምቼ አላውቅም።»

እዚያው ሳቄ መጣ፤ እንባዬም አብሮ መጣ። ይህ የኔ ባል ነው፤ ይህን ማንም ፈጥሮ ሊያወራው አይችልም።

ቦርሳዋን ከመንጠቆው አውርጄ ፊቷ ከፈትኩት። አንሶላዎቹን ስታይ ደሟ ከፊቷ ጠፋ። «እኔ አልወሰድኩም» አለች። «አውቃለሁ» አልኳት። «ማን እንደከተተው አይቻለሁ። አይቼ ዝም አልኩ።» ወንበሯ ላይ ቁጭ አለችና እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ታያቸው ጀመር። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

እህት ዓለም ከመተኮሻው ጠረጴዛ ሆና ሁሉንም አይታለች። ስቀርባት ካውያውን አላቆመችም።

«ለምን?» አልኳት።

«ይህ ጠረጴዛ እኔ ያረጀሁበት ነው» አለች። «ቁልፉን ግን አንቺ ወገብ ላይ አንጠለጠሉት። ያን ቀን ሳቅፍሽ ላንቅሽ ነበር የፈለግሁት። ባልሽ ደግሞ በየቀኑ በር ላይ ተገትሮ ይጠብቅሻል። እኔን ማን ጠበቀኝ?»

«ልጅቷስ ምን አደረገችሽ?»

«እሷ ምንም። እዚያ የተቀመጠችው እሷ ስለሆነች ነው።» ከዚያ ካውያውን አቁማ አየችኝ። «እኔ ደግሞ ባልሽ ከዳሽ ብዬሽ አላውቅም። አንድም ቀን። የጠየቅሽኝ አንቺ ነሽ፤ ሸሚዙን ከእጄ የነጠቅሽው አንቺ ነሽ፤ ያመንሽውም አንቺ ነሽ።»

ይህ አነጋገሯ እስካሁን ይቆረቁረኛል፤ እውነት አለበትና።

ወደ ሥራ አስኪያጁ ወጥቼ የሷንም የኔንም ተናገርኩ። እሷ በዚያው ቀን ተሰናበተች፤ ማንንም ሳታይ በኋላ በር ወጣች። እኔ ኃላፊነቴ ለጊዜው ተነሥቶብኛል፤ አሁን እሷ ትቆምበት የነበረው ጠረጴዛ ላይ ቆሜ እተኩሳለሁ። ያምናሉ አጎቴ? ቁልፉን ከወገቤ ፈትቼ ሳስረክብ ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ ተነፈስኩ። ያቺን ልጅ ፖሊስ ይዟት ሲሄድ ቆሜ ልመለከት እንደነበር ሳስብ፣ ሳይሆን በመቅረቱ የምሰጠው ምስጋና አይበቃኝም።

ከዚያ ወደ ቦይለር ክፍል ወረድኩ። ባለቤቴ የተገለበጠ ሣጥን ላይ ተቀምጦ ዳቦ ይበላ ነበር። ቆሜ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኩት። ዳቦውን አስቀምጦ ሰማኝ።

«ለምን እኔን አልጠየቅሽኝም?» አለኝ።

«ጠይቄህ ‹የቱን ቁልፍ› አልከኝ።»

«አላየሁትማ። ልብስ እለብሳለሁ እንጂ ቁልፉን አልመረምርም።» ቀጥሎም «ሻንጣዬን በር ላይ ሳይ ምን እንዳጠፋሁ ራሴን ስጠይቅ ከረምኩ» አለኝ።

«ዛሬ ወደ ቤት እንሂድ?» አልኩት።

«ዛሬ አልመጣም። ተናድጃለሁ።»

ተናድጃለሁ ሲል በትዳራችን ሰምቼው አላውቅም። ይገርምዎታል፣ ቃሉ ደስ አለኝ፤ ዝም ብሎኝ ቢሆን ኖሮ ነበር የምፈራው። ቅዳሜ ሻንጣውን ይዞ መጣ። ልብሱን አንድ በአንድ አውጥቶ ወደ መታጠቢያው ሲወስድ «ምን ልታደርግ ነው?» አልኩት። «ከእንግዲህ ልብሴን እዚህ እኔው አጥባለሁ፤ ያንቺ ክፍል ያስፈራል» አለኝና ፈገግ አለ። እኔም በሩ ላይ ተደግፌ፣ በሳሙናው ሲንቦጫረቅ እያየሁ፣ እስኪበቃኝ አለቀስኩ። ደህና ልቅሶ ነበር።

አክስቴን አላበደችም ይበሉልኝ።

ልጅዎ

*

የካቲት 28

ለፌንጣዬና ለሬዲዮ፣

ፈጣሪ ቤታችሁን ከነሁለታችሁ ይጠብቅልኝ።

ደብዳቤሽን አክስትሽ ናት ጮክ ብላ ያነበበችልኝ፤ ጎረቤትም ሰምቷል፣ እንግዲህ ምስጢር የለሽም። «አይቼ ጀርባዬን አዞርኩ» ያልሽው ጋ ስትደርስ አቆመች። ከዚያ ወደ ቦርሳው ስትመለሺ እጄን ያዘችኝ፤ ለካ መዶሻ ይዤ ነበር፣ አስቀመጥኩት። ባልሽ «ተናድጃለሁ» ያለው ጋ ደግሞ እኔ ነኝ ድገሚልኝ ያልኳት።

ስለ ልጅቷ አንድ ነገር ልበል። ይቅር በይኝ እያልሽ አታስጨንቂያት፤ ስጦታም አትስጫት። ጠዋት ስትገቢ እንደምን አደርሽ በያት፤ በወደደችው ቀን ትመልስልሻለች። የመለሰች ቀን አትደነቂባት፣ ሥራሽን ሥሪ።

ያቺ ሴትዮ ጨካኝ ናት። በሰው ልጅ ሕይወት ላይ ያደረገችውን እኔ አላቃልልላትም። ግን ብቻዋን በኋላ በር ወጣች ያልሽውን ሳስብ ምሳዬ አልጣፈጠኝም። የሚጠብቃት ሰው ይስጣት፤ ከዚህ በላይ ምርቃት ለጊዜው ከአፌ አይወጣም።

አክስትሽ ዛሬ ከቤት ወጥታ ገበያ ሄደች፤ ከዚያ ስልክ ወዲህ ታመሽ ትመጪያለሽ ብላ ቤት ተቀምጣ የበሩን ደወል ስታዳምጥ ነበር። ስትመለስ አዲስ መጋረጃ ገዝታ መጣች። መስኮቱ ጠባብ፣ መጋረጃው ሰፊ ነው። ግድ የለም፣ ደስ ብሏት ነው፤ ተጣጥፎም ቢሆን እንሰቅለዋለን።

ከእንግዲህ ካንቺ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። አሰልቺ ደብዳቤ ጻፊልኝ። የሳሙናው ዋጋ ተወደደ፣ ዝናብ ዘነበ፣ ባሌ ጠዋት የጠየቅሁትን ማታ መለሰልኝ በይ። እኔም ከምሳ በኋላ ጥላው ሥር ተጋድሜ ግማሹን ሳላነብ እንቅልፍ ይውሰደኝ።

አጎትሽ